የሦስት ጣት ጎረቤታሞች

ጋሽ ስንዝር የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ከመስታወቱ በላይ የአገሩን ካርታ ለጥፈው ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሹፌር፣ ገና ነው እንዴ?» ብሎ ሲጮህ እንደ ሌሎቹ ሹፌሮች «እንደርሳለን» ብለው አያድበሰብሱም። በአንድ እጃቸው መሪውን እንደያዙ በሌላው ካርታውን ይለኩና «ሁለት ጣት ቀረን!» ይላሉ። አንድ ጣት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስንዝር ከሆነ ደግሞ ምሳህን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትህንም ቋጥረህ ትመጣለህ። ተሳፋሪው ለመደው። በኋላ በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጥ «ያ ከተማ ስንት ጣት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር ይባላል። ይህን የሚሉት ግን ራሳቸው ጋሽ ስንዝር ናቸው፤ ማመን አለማመን የሰሚው ፋንታ ነው።

ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱን አስረከቡ፤ አመሉን ግን ይዘውት ቤት ገቡ። ቤታቸው ውስጥ ከድሮም ጀምሮ የመኪና ስም ያልወጣለት የለም። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጋሽ ስንዝርን በየበሩ እያስቆሙ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ሲመረምሩ ስለኖሩ «ትራፊክ» ይባላሉ። ወንዱ ልጅ በተወለደ ሰሞን ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ስላለቀሰ ክላክስ ተባለ። ሴቷ ደግሞ ገና በጨቅላነቷ አንድ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ታደርግ ነበርና ፍሬቻ ተባለች። ሁለቱም የመዝገብ ስም አላቸው። ነገር ግን በዚያ ቤት በመዝገብ ስሙ የሚጠራ ሰው ጥፋት ያጠፋ ሰው ብቻ ነው።

ልጆቹ አደጉና እንጀራ ፍለጋ ወጡ። ክላክስ ሴኡል ሄዶ የማሽን መለዋወጫ የሚሠራ ፋብሪካ ገባ። ፍሬቻ ባንኮክ ውስጥ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆነች፤ እዚያው የመርከብ መካኒክ አገባች። ጋሽ ስንዝር ልጆቹ ያሉበትን ለማየት የዓለም ካርታ ገዝተው ከባለቤታቸው የስፌት መኪና በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሴኡልን አገኙ። ባንኮክን አገኙ። ከዚያም ጣታቸውን ጋደም ጋደም አድርገው ለኩ።

«ሦስት ጣት!» ብለው ጮኹ። «ሰማሽ? ሦስት ጣት ናቸው! ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት የወጣ ምሳውን እዚያ ይበላል!»

እትዬ ትራፊክ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ «እንግዲያስ ጎረቤት ናቸዋ» አሉ። እውነትም ደስ አላቸው። እናት ናቸው፤ ሁለቱ ልጆቻቸው በሰው አገር ተራርቀው እንዳልቀሩ ሲሰሙ ልባቸው ዐረፈ።

የዚያ ቤት ጣጣ የጀመረው ከዚህች ልኬት ነው። ጋሽ ስንዝር ልጃቸውን በስልክ ባገኙት ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «እህትህን ጠየቅሃት?»

«በስልክ ተገናኝተናል አባዬ።»

«በስልክማ እኔም እጠይቃታለሁ። አንተ አጠገቧ ሆነህ እንዴት ብቅ አትልም?»

«አባዬ፣ ሩቅ እኮ ነው።»

«ለሰነፍ ደጁም ሩቅ ነው!»

ክላክስ መጀመሪያ ሰሞን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። ባሕር አለ፣ ድንበር አለ፣ ፈቃድ አለ አላቸው። ጋሽ ስንዝር ግን ካርታውን በዓይናቸው እያዩ፣ በጣታቸው ለክተው፣ እንዴት ይታለላሉ? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ አንተ ዘመድም ጎረቤትም ሆነህ ሁለቱንም አልሆንክም» ብለው አንድ ቀን አመረሩበት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ማስረዳቱን ተወው። ሲደውል በእናቱ ስልክ ይደውላል፤ አባቱን «ሰላም በይልኝ» ይላል። ጋሽ ስንዝርም ከአንገት በላይ «ሰላም በይው» ይላሉ። ውስጣቸው ግን ይቃጠል ነበር። ልጄ ልቡ ደነደነ፣ አገር ለውጦ ሰውነቱንም ለወጠ እያሉ ብቻቸውን ያዝኑ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ፍሬቻ አረገዘች። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ እትዬ ትራፊክ የደንበኞቻቸውን ቀሚስ ሁሉ ትተው የሕፃን ልብስ ላይ ወደቁ። ኋላ ግን ነገሩ ተጣመመ። የፍሬቻ ባል መርከቡ ላይ ተመድቦ ወጣ፤ የሚመለሰው ከወለደች በኋላ ነው። እትዬ ትራፊክ እንዳይሄዱ ጉልበታቸው እንኳን ባሕር የጓዳቸውንም ደረጃ አላሻግር ብሏል። ጋሽ ስንዝር ደግሞ ፓስፖርት የላቸውም፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ይበቃኛል ብለው የኖሩ ሰው ናቸው።

«አትስጉ» አለች ፍሬቻ በስልክ። «እዚህ ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው። ብቻዬንም ቢሆን እወልደዋለሁ።»

«ብቻዬን» የምትለው ቃል ከስልኩ ወጥታ ቤቱ መሃል ቁጭ አለች። እትዬ ትራፊክ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ጋሽ ስንዝር ተነሡ፣ ጫማቸውን አደረጉ።

«ወዴት ነው?» አሉ ትራፊክ እንደ ልማዳቸው።

«ያንን ልጅ በግድም ቢሆን አሳፍሬ እልከዋለሁ።»

የሄዱት ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው የጉዞ ቢሮ ነው። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ማራገቢያና ከመስታወት ኋላ የተቀመጠች አንዲት ቲኬት ቆራጭ። ጋሽ ስንዝር ተራቸው ሲደርስ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደገፉ።

«ከሴኡል ወደ ባንኮክ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን ስንቴ ነው የሚነሣው?»

ቲኬት ቆራጯ ጆሮዋን አላመነችም። «ምኑ?»

«አውቶቡሱ። ካልተገኘ ሚኒባስም ይሁን። ልጁ አያማርጥም።»

«አባባ፣ እዚያ በአውሮፕላን ነው እንጂ የሚኬደው።»

«ለሦስት ጣት አውሮፕላን! እንግዲህ ቅንጦት ከሆነ ይሁን። ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። «ስድስት ሰዓት ያህል።»

ጋሽ ስንዝር ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። «አላልኩም! ስድስት ሰዓት! በጣቴ ለክቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ!» ፊታቸው በራ። ከኋላቸው ተራ የያዘ ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። እሳቸውም እጁን ጨበጡት።

«እንደዚያ ነው» አለች ቲኬት ቆራጯ፣ «ግን ስድስት ሰዓቱ በአውሮፕላን ነው አባባ። ርቀቱ ወደ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎሜትር ይሆናል።»

እጅ መጨባበጡ ቆመ። «ስንት አልሽ?»

ደገመችላቸው። የእሳቸው መስመር፣ ያ ሠላሳ ዓመት ወገባቸውን የቆረጠው መስመር፣ ከጫፍ ጫፍ አምስት መቶ ኪሎሜትር አይሞላም ነበር። ጋሽ ስንዝር አሰቡት። አውቶቡሳቸው ጎህ ሲቀድ እየተነሣች ፀሐይ ስትጠልቅ እየቆመች ብትሄድ ሳምንት ይፈጅባታል፤ ያውም ባሕሩ ላይ አስፋልት ቢነጠፍላት። ያኛው ካርታ የአንድ አገር ነበር፣ ይኸኛው የዓለም ነው፤ ጣቱ ግን ያው ጣት ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት አልታያቸውም? ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው።»

ቤት ገብተው ነገሩን አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። እትዬ ትራፊክ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋቸው። «እንግዲህ» አሉ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን በጣትህ ስትገርፈው ኖርክ ማለት ነው።» ጋሽ ስንዝር ስልኩን አነሡ። እጃቸው ቁጥሩን ረስቶት ነበርና ባለቤታቸው ነገሯቸው።

«አባዬ?» አለ ክላክስ፤ ደነገጠ። «እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የሆንኩት። ሩቅ ነው ስትለኝ እውነትህን ነበር። አጥፍቻለሁ።»

ልጁ «አሁን ስንት ጣት ሆነ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት፤ ከሳቁ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ።

«ጣቱን ተወው፤ ጣቱ ይቆረጥ። ስማኝ፣ አላዝህም፣ ልለምንህ ነው። እህትህ…»

«አውቃለሁ አባዬ። ፈቃድ ከጠየቅሁ ሁለት ወር አልፎኛል። አለቃዬ እምቢ ብሎ ብሎ ትናንት ፈቀደልኝ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው የምበረው፣ በስድስት ሰዓት እደርሳለሁ። ቢሰረዝብኝ እንዳላሳዝናት ብዬ አልነገርኳትም። አንተ ንገራት።»

ጋሽ ስንዝር ስልኩን ከዘጉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ካርታው አዞሩ፤ ባለቤታቸው ዓይናቸውን እንዳያዩት ነው። ያ ደነደነ ያሉት ልጅ የመጀመሪያውን የምሥራች ለእሳቸው ትቶላቸዋል። ወዲያው ፍሬቻ ዘንድ ደወሉ። «ወንድምሽ ሐሙስ ይመጣልሻል! በስድስት ሰዓት ይደርሳል!» አሉ፤ እሷም በደስታ ጮኸች፤ እናትዮዋም ጮኹ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለሹፌር ስድስት ሰዓት ማለት የመንገድ ርዝመት ነው። ለሆቴል እንግዳ ተቀባይ ግን ስድስት ሰዓት ማለት እኩለ ቀን ነው፤ እንግዳው ቁልፉን መልሶ ክፍሉን የሚለቅበት፣ ካለፈም የሚቀጣበት። አማርኛ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ እንደፍጥርጥራችሁ ብሏል። አባትዮው የተናገሩትና ልጅቷ የሰማችው ለየቅል ነበር፤ አንዳቸውም ግን አልጠረጠሩም።

ሐኪሙ «ለሳምንቱ መጨረሻ» ብሏት ነበር። ምጡ ግን የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ፍሬቻ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በታክሲ ሆስፒታል ገባች፤ ለነርሶቹ ሁሉ «ወንድሜ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል» እያለች ተኛች። በሩን እያየች ጠበቀች። እኩለ ቀን ሆነ። አለፈ። በሩን የከፈተ ሁሉ ነርስ ነበር።

እዚያ ቀትር ሲያልፍ እዚህ ገና ጠዋት ነው። ጋሽ ስንዝር ግማሽ ፊታቸውን ተላጭተው ግማሹ በሳሙና ተሸፍኖ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ምጥ ይዞኛል። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። አውሮፕላኑ…» አለች ፍሬቻ።

«አውሮፕላን» የሚለውን የሰሙት እትዬ ትራፊክ መቀሳቸውን ጣሉት። «ልጄን!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ቆዩ! ሁላችሁም ቆዩ!» አሉ ጋሽ ስንዝር በሳሙና አፋቸው። «ስድስት ሰዓት አለፈ ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ገና መነሣቱ እኮ ነው!»

«ገና መነሣቱ? በስድስት ሰዓት ይደርሳል አላልከኝም?»

«አልኩ እንጂ! በስድስት ሰዓት! ስድስት ሰዓት ተጉዞ!»

ፍሬቻ በዚያ ጭንቅ ላይ ሳቋ አመለጣት፤ እናትዮዋም ነገሩ ሲገባቸው የጋሽ ስንዝርን ትከሻ በጨርቅ መለኪያው አርሺን መቱና ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። የልጅቷ ድምፅ ተለወጠ። «ታዲያ እስከዚያ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው» አለች። «አባዬ፣ ፈርቻለሁ።»

እትዬ ትራፊክ «አምጣ! ወልጄ የማውቀው እኔ ነኝ!» ብለው ስልኩን ነጠቁ። «አይዞሽ የኔ እናት» አሉና አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ከስልኩ ውስጥ «አባዬን ስጪኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ስንዝር ስልኩን ተቀብለው ቆሙ። ስለ ምጥ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ልጆቻቸው ሲወለዱ መንገድ ላይ ነበሩ። በዕድሜያቸው አጣርተው የሚያውቁት ሰው አሳፍሮ ማድረስ ብቻ ነው።

«በይ ተሳፈሪ» አሏት።

«ምን?»

«ተሳፈሪ። የፊት ወንበር ይዤልሻለሁ። ወንድምሽ በሰማይ ይምጣ፣ እኛ በመሬት እንሂድ። የኔን መስመር ታውቂዋለሽ፣ በልጅነትሽ ወስጄሻለሁ። ሞተሩን አስነሣሁ። ከመናኸሪያው ወጣን፤ በግራ በኩል የጡብ ፋብሪካው አለ፣ ሠራተኞቹ አጥር ላይ ተቀምጠዋል። ታየሽ?»

«ታየኝ» አለች፤ ትንሽ ቆይታም፣ «የጡቡ አቧራ ያስነጥሰኝ ነበር።»

እየነዱ ሄዱ። ጋሽ ስንዝር ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግማሽ ፊታቸው ሳይላጭ፣ መንገዱን ሜዳውን ከሜዳ ድልድዩን ከድልድይ እየለዩ ተረኩላት። የእንጨቱ ድልድይ ላይ ቀስ አሉ። የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ልጆች እስኪያልፉ ቆሙ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ለሁለት ሰው ቦታ አንድ ቲኬት ቆርጦ ከረዳቱ ጋር የተጣላበትን ቀን አነሡላት፤ ሳቀች። ምጡ ሲመጣ ደግሞ ድምፅዋ ይቆረጣል።

«ዳገት መጣ» ይላሉ ያኔ። «ምንም አይደለም፣ ዳገት ነው። ማርሽ ቀንሺ። ዳገት በኃይል አይወጣም፣ በትንሽ ማርሽ ነው የሚወጣው። ተንፍሺ። ጫፉ ይታየኛል… በቃ፣ ወጣነው። አሁን ሜዳ ነው፣ ዕረፊ።»

ዳገቶቹ እየበዙ ሄዱ። እውነተኛው መስመር ላይ ያን ያህል ዳገት የለም፤ ጋሽ ስንዝር ግን ልጅቷ በፈለገቻቸው ቁጥር ዳገት ሠሩላት። ስልኩ ሲሞቅ በፎጣ ያዙት፣ ባትሪው ሲደክም እትዬ ትራፊክ የስፌት መኪናውን ነቅለው ቻርጀሩን ሰኩ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን ነው» ብለው ቀጠሉ። ለወትሮው በስልክ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የማይናገሩ ሰው ድምፃቸው እስኪሻክር ተናገሩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ምሳ ያለ የለም።

ከረጅሙ ቁልቁለት ወርደው የመጨረሻው ከተማ መብራት ታየን ሲሏት ከስልኩ ውስጥ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ተሰማ። ነርሶች በአገራቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ በር ተበርግዶ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ያለከልካል።

«ፍሬቻ!»

ክላክስ ነበር። እህቱ ወንድሟን ስታይ ያለቀሰችውን ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ሰማው። እትዬ ትራፊክ «ደረሰላት፣ እጇን ያዘላት» እያሉ ያዩትን ያህል ይናገራሉ፤ እንባቸው የሕፃኑን ልብስ አራሰው።

«አባዬ» አለ ክላክስ ስልኩን አንሥቶ፤ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም። «አለሁ፣ ይዣታለሁ። አንተ አሁን ዕረፍ፤ ልዝጋው?»

«እንዳትዘጋው!» አለች ፍሬቻ። ቃሉ በጩኸት አለቀ።

ከዚያ በኋላ ዳገት ብሎ ማጽናናት የሚቻልበት ጊዜ አለፈ። አዋላጇ የምትለው በቋንቋ ባይገባም በድምፅዋ ይገባ ነበር። ጋሽ ስንዝር ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። ያኔ ልጃቸው ባላት ትንፋሽ ሁሉ ጮኸች።

«አባዬ! ወራጅ አለ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ሲጮህባቸው የኖረ ቃል ነው። አንድም ቀን እንዲህ አስለቅሷቸው አያውቅም።

«እሺ የኔ ልጅ፣ አቁሜያለሁ» አሉ። «ቀስ ብለሽ አውርጂ። እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ንቅንቅ አልልም።»